በቁሟ ተዝካሯን ያበላች መራጭ

፩

ጥያቄ፦ የወይዘሮ ትደነቂያለሽን ተዝካር በልተዋል?

መልስ፦ በልቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰምተው ነው ወይስ ቦታው ላይ ነበሩ?

መልስ፦ ነበርኩ እንጂ። ወጡ ጨው አንሶት ነበር፤ ጠላው ግን ጥሩ ነበር።

ጥያቄ፦ ተዝካር የሚወጣው ለማን ነው?

መልስ፦ ለሞተ ሰው።

ጥያቄ፦ እንግዲህ?

መልስ፦ እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ። የተማሩት እርስዎ ነዎት።

(ምስክሩ አንብበው ፈርመዋል።)

፪

የመለሰው ጋሽ ጓንጉል ነው፣ የታች በር ሰፈር የእድር ዳኛ። የጠየቀው መምህር ልሳነወርቅ ነው፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪና የታች በር ምርጫ ጣቢያ ኃላፊ። ሞተች የተባለችው እትዬ ትደነቂያለሽ ደግሞ ይህ ቃል በሚሰጥበት ሰዓት ከጣቢያው ጓሮ ባለው ቦኖ ዘንድ ቆማ፣ ጀሪካኗን ካስቀደመችባት ልጅ ጋር ስለ ወረፋ ትጨቃጨቅ ነበር። ድምጿ በመስኮት ይገባል። ጋሽ ጓንጉል ሲፈርም ሰምቷታል።

ዋሽቷል አትበሉ። የተጠየቀውን መለሰ፣ ያልተጠየቀውን ተወ። ከእሱ በኋላ ሁለት ጎረቤቶቿ ገብተው ያንኑ ተጠየቁ፣ ያንኑ መለሱ። አንዷ እንዲያውም የስጋውን ብልት ሳይቀር ዘርዝራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትደነቂያለሽ አልወለደችም። ልጅ የሌለው ሰው ዓይኑን ከጨፈነ ወዲያ ማን ካህን ጠርቶ፣ ማን ደግሶ ያስበዋል ብላ፣ ገና በእግሯ እየሄደች የቁም ተዝካሯን አወጣች። ነውር የለበትም፤ አገር የሚያውቀው ወግ ነው። በሬ ጣለች፣ ጠላ ጠመቀች፣ ሰፈሩን አንድ በአንድ ጠርታ አበላች። በድንኳኑ መሀል እየዞረች «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ፣ ለነፍሴ ነው» ትል ነበር። ሁሉም መረቋት፤ ከንፈራቸውን ጠርገውም ወጡ።

፫

ሰውን ከመዝገብ ለመሰረዝ የሚያስፈልግዎ፦

ቀይ እስክሪብቶ። ማስመሪያም ይያዙ። በባዶ እጅ ያሰመሩት መስመር ይንቀጠቀጣል፣ ኋላም ሰው አይቶ ልብዎን ይጠረጥራል።

ምክንያት። የተፈቀዱት ጥቂት ናቸው፦ መሞት፣ ሰፈር መልቀቅ፣ ሁለት ቦታ መመዝገብ። ክፉ መሆን ምክንያት አይደለም። ቢሆን ኖሮ በታች በር የሚመርጥ አይገኝም ነበር።

ምስክር። ሦስት ይበቃሉ። አይቆጧቸው፣ ወንበር ይስጧቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ይጠይቁ። ከዚያ መልሱን አስቀድመው የሚያውቁትን ጥያቄ ብቻ ያቅርቡ። ሰው በጠየቁት ልክ ነው የሚዋሸው፤ ካልጠየቁት እውነቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የሚሰረዘውን ሰው አይጥሩት። ከመጣ ነገሩ ይወሳሰባል።

በመጨረሻ የተሰረዙትን ስም ዝርዝር ከነምክንያቱ በጣቢያው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። አንዱን ቅጂ ለቀበሌው ቤቶች ክፍል ይላኩ፤ የሞተ ሰው ቤት ምን ያደርግለታል?

እጅዎን ይታጠቡ። ቀይ ቀለም ቶሎ አይለቅም።

፬

ለምን እሷ?

አንባቢ እዚህ ላይ ትልቅ ፖለቲካ ይጠብቅ ይሆናል። የለም። ትደነቂያለሽ ማንን እንደምትመርጥ የሚያውቅም፣ የሚጨነቅም አልነበረም። ያለው ምራት ናት።

መምህር ልሳነወርቅ ልጁን የዳረው በምዝገባው ሰሞን ነው። ሙሽራዋ ጫጉላ ላይ ነበረችና ከቤት አልወጣችም። ከጫጉላ ስትወጣ መዝገቡ ሞልቶ ጠበቃት። አንድ ጣቢያ አንድ መዝገብ ነው፤ የመጨረሻው መስመር ከተያዘ ተያዘ፣ ሰው የሚገባው ሰው ሲወጣ ብቻ ነው። ሙሽራዋም አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ራት ላይ እንጀራውን እየቆረሰች፣ የምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ቤት ገብቼ የመራጭ ካርድ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ፣ እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች አለች። የመምህሩ ሚስትም ቀና ብላ ባሏን አየችው። ያን አስተያየት ያገቡ ወንዶች ያውቁታል።

በማግስቱ መምህር ልሳነወርቅ መዝገቡን ገልጦ በታች በር ሰሞኑን የሞተ ሰው ፈለገ። ሰፈሩ በዚያ ሰሞን በጤና ከረመ። ሰው አልሞት ሲለው ለሞት የቀረበ ፈለገ። ከዚያ የበላው ትዝ አለው። እሱም በልቷልና።

፭

ዝርዝሩ በተለጠፈ ዕለት ትደነቂያለሽ ከቦኖ ስትመለስ ጀሪካኗን አሳርፋ ለማንበብ ቆመች። ማንበብ ትወድዳለች። በተለይ የሰው ስም ማንበብ ትወድዳለች።

ከላይ ጀምራ ወረደች። አንዱ ክፍለ ሀገር ሄዷል። አንዷ ሁለት ቦታ ተመዝግባ ተገኝታለች። ከዚያ፦

ትደነቂያለሽ ወልደየስ። ምክንያት፦

ሞት።

መጀመሪያ ሳቀች። ሌላ ትደነቂያለሽ ፈልጋ ዙሪያውን አየች። በታች በር ሌላ ትደነቂያለሽ የለችም። ከኋላዋ የቆሙት ሰዎች አንድ እርምጃ ሸሸት አሉ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አይዞሽ አላላትም። አንድ ጎልማሳ ብቻ ከልማድ ብዛት «ነፍስ ይማር» አለና ደንግጦ አፉን በጋቢው ሸፈነ።

እሷ የገባት ስሟ ሳይሆን የምትኖርበት የቀበሌ ቤት ነው። የጽሕፈት ቤት አሠራር ከድሮም ታውቃለች፤ ቅጂው ወዴት እንደሚሄድ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። መዝገቡ አርብ አመሻሽ ላይ ይዘጋል፣ ቅጂው ሰኞ ቤቶች ክፍል ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ክፍሏና ጓዳዋ ለወረፋኛ ነው። በዚህ ዕድሜዋ የምትጠጋበት ዘመድ የላትም። እስከ አርብ በመዝገቡ ላይ ካልተመለሰች ጎዳና ላይ ናት። ይህን ሁሉ እዚያው ቆማ አሰበችው። ፈራች። ጀሪካኗን ረስታው ሄደች።

፮

ተሰርዟል።

(ምክንያት፦ ይህ ቁራጭ ስለ ባለታሪኳ ያለፈ ዘመን ነበር። አንባቢ አሁን እያዘነላት ስለሆነ ተራኪው ማንሳቱን መረጠ።)

፯

መምህር ልሳነወርቅ ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ። አክባሪ ሰው ነው። እንድትቀመጥ ለመናት፣ ስለ ጉልበቷ ጠየቃት፣ ውሃ አስመጣላት። ውሃውን ጠጣች።

«መምህር፣ ይኸው እኮ ቆሜያለሁ» አለችው።

«ይታየኛል፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ይሰርዙት።»

«ምኑን?»

«መሰረዜን።»

እሱም በትዕግሥት፣ ለሰነፍ ተማሪ እንደሚያስረዳ፣ አስረዳት። እሱ የጣቢያው ኃላፊ ነው፤ ኃላፊ ያየው አይቆጠርም፣ የሚቆጠረው ምስክር ያለው ነው። ሦስት የተመዘገቡ መራጮች በፊርማቸው ተዝካሯን በልተናል ብለዋል። ይህን የሚያፈርስ አንድ የተመዘገበ መራጭ ብታመጣ ይበቃታል። የሚቀርበው ጥያቄ ግን ያው ነው፤ ተዝካሯን በልተዋል? በልቻለሁ ያለ ሁሉ ከሞቱ ወገን ይጻፋል። አልበላሁም የሚል አንድ ሰው ትፈልግ። አንድ ብቻ።

«ካላገኘሁስ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው» አላት።

ሕግ ነው የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ልውጥ አለ። ለምን እንደሆነ አሁን አልናገርም።

፰

ጋሽ ጓንጉል በሩ ላይ ቆሞ ተቀበላት። አላስገባትም፣ አላባረራትም። «የፈረምኩትን ላጥፈው፣ እትዬ? በስተርጅናዬ በሐሰት ምስክርነት ልከሰስልሽ?» አላት።

ከዚያ ቤት ለቤት ሄደች።

በልቷል።

በልታለች።

በልተዋል፣ ከነልጆቻቸው።

የአልጋ ቁራኛዋ አሮጊት፦ በሳህን ተልኮላት በልታለች።

ሙስሊሙ ባለሱቅ ሑሴን፦ ለእሱና ለቤተሰቡ ብላ የራሳቸውን ሰው አስመጥታ በግ አሳርዳ ነበር። በልተዋል። ሚስቱ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ምነው እኛን እንኳ በረሳሽን» አለቻት።

የቦኖው ጠባቂ፦ በልቷል፣ ቋጥሮም ሄዷል።

የአንድ ሰካራም ልጅ፦ ድንኳን ሲነቅል የተረፈውን በልቷል።

ደግሳ ያላበላችው፣ ጠርታ ያልመጣላት የለም። ሰው እንዳይቀርባት በየስሙ እየጠራች በየበሩ ያንኳኳችው እሷው ናት። ለሰው ሞት አነሰው ይላል የታች በር ሰው ሲያዝን፤ ለእሷ ግን በልክ ቆርጦ ሰጣት።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ከአንድ አጥር ሥር ተቀመጠች። ከተመዘገቡት መራጮች ያልጠራችውን ሰው በአእምሮዋ ፈለገች። አንድ ነበረች።

፮ (በአቤቱታ የተመለሰ)

አንባቢ አመልክቷል፤ ቁራጩ ከሌለ የሚቀጥለው አይገባም ተብሏል። እሺ።

ትደነቂያለሽ በጉልምስናዋ የእድሩ ጸሐፊ ነበረች። የእድሩን መዝገብ እንደ እሷ አድርጎ የያዘ ሰው በታች በር አልታየም፤ ወር ያሳለፈ ይቀጣል፣ ደጋግሞ ያሳለፈ ይሰረዛል። ጎረቤቷ እታገኘሁ ባሏ ጌታሰው ሲታመም ያላትን ሁሉ ለሐኪምና ለጠበል ጨርሳ የእድሩን መዋጮ አሳለፈች። በራሷ እግር መጥታ፣ ታገሺኝ፣ ጌታሰው ሲነሣ እከፍላለሁ ብላ ለመነቻት።

ትደነቂያለሽ መዝገቡን ገልጣ ስሟን በማስመሪያ ሰረዘችው። «ሕግ ነው፣ እታገኘሁ» አለቻት።

ጌታሰው በዚያው ሳምንት ሞተ። ጡሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልተተከለም። የእድሩ ወንበርና ቃሬዛ ከግምጃ ቤቱ አልወጣም። ሰፈሩ ወደ ለቅሶው ብቅ እንዳይል የከለከለው የለም፤ ግን ጸሐፊዋ ካልሄደች ማን ይቅደም እየተባባለ ሰው ሁሉ በየበሩ ቆሞ አየ። ሬሳውን የተሸከሙት ከገበያ የመጡ ወዛደሮች ናቸው።

ትደነቂያለሽ ለቅሶ አልደረሰችም። ያን ቀን በመስኮቷ መጋረጃ ውስጥ ሆና አይታለች።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በአንድ መንገድ ሲመጡ አንዷ ትሻገራለች። ትደነቂያለሽ ያን ሁሉ ሕዝብ ለነፍሷ ስትጠራም እታገኘሁን አልጠራችም። የጠላችው የበደላትን ሰው አይደለም፤ ራሷ የበደለቻትን ነው። ሰው ራሱ የበደለውን ሰው ሲጠላ ጥላቻው መድኃኒት የለውም።

፱

የእታገኘሁ ቤት ተቆልፏል። ጎረቤት፣ እግሯን ስላመማት ከጥምቀት ወዲህ ወንዝ ማዶ እህቷ ልጅ ዘንድ ናት፣ ስትሻል ትመለሳለች ሲል ነገራት። ትደነቂያለሽ ድልድዩን ተሻገረች።

እታገኘሁ በረንዳው ላይ እግሯን በትራስ አስደግፋ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። አልተነሣችም።

«ምን ፈለግሽ?»

«ምስክር።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለመኖሬ።»

ትደነቂያለሽ የመጣችበትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። ተዝካሩን፣ ቤቱን፣ አርብን። ይቅር በይኝ የሚለው ቃል ከጉሮሮዋ ደርሶ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ስትለማመደው መጥታለች። ሲወጣ ግን ሌላ ሆኖ ወጣ።

«ያን ጊዜ እኮ ሕጉ ነው፤ እኔ አልነበርኩም» አለች።

እታገኘሁ ትራሱን ከእግሯ ሥር አስተካከለች።

«ወዛደሮቹ መንገድ ላይ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ሬሳውን መሬት አስቀምጠው፣ እማማ ይከብዳል፣ ጨምሪልን አሉኝ። አስፋልት ዳር። ጌታሰው መሬት ላይ ሆኖ ተከራከርኩ።»

ትደነቂያለሽ ለመሄድ ተነሣች።

«ተቀመጪ» አለቻት እታገኘሁ። «እመጣለሁ። ላንቺ ብዬ አይደለም። ዓይኔ ያየውን አላየሁም ማለት እኔ አልችልበትም። ያ ያንቺ ነው።»

፲

አርብ። እታገኘሁ በአንድ ከዘራና በእህቷ ልጅ ትከሻ ተደግፋ ደረሰች። ልጅቷ አድርሳት ተመለሰች።

ጥያቄ፦ የወይዘሮ ትደነቂያለሽን ተዝካር በልተዋል?

መልስ፦ አልተጠራሁም።

ጥያቄ፦ ያውቋታል?

መልስ፦ በደንብ።

ጥያቄ፦ በሕይወት አለች?

መልስ፦ አለች። እሷ ብትሞት እኔ ቀድሜ እሰማ ነበር፤ ስጠብቀው የኖርኩት ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ዘመድ ነዎት?

መልስ፦ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ወዳጅ?

መልስ፦ (ምስክሯ ስቀዋል።)

ጥያቄ፦ መኖሪያዎ?

መልስ፦ ታች በር።

ጥያቄ፦ አሁን የሚያድሩት የት ነው?

መልስ፦

፲፩

እዚህ ላይ ቆም እንበል።

መምህር ልሳነወርቅ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቀውን ጥያቄ ነው የጠየቀው። ከዘራውን፣ ልጅቷንና ከድልድዩ የመጣውን አቧራ አይቷል። እታገኘሁ አንዲት ቃል ብትዋሽ ማንም አይመረምራትም ነበር። ታች በር ብትል ይበቃ ነበር። ግን ይህች ሴት በዘጠነኛው ቁራጭ ምን እንዳለች አንብባችኋል።

፲ (የቀጠለ)

መልስ፦ ወንዝ ማዶ፣ እህቴ ልጅ ዘንድ። ከጥምቀት ወዲህ።

(ምስክሯ አንብበው ፈርመዋል።)

፲፪

መምህር ልሳነወርቅ እስክሪብቶውን ክዳን አለበሰው። ተደሰተ ማለት አልችልም፤ ሒሳቡ እኩል የወጣለት ሰው መሰለ።

ለትደነቂያለሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ መኖርሽ ተረጋግጧል አላት። አንዲት ነገር ብቻ ቀርታለች። በእሷ መስመር ላይ ምራቱ ተጽፋለች፤ ምራቱም በሕይወት አለች፣ በሰፈሩ ትኖራለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተመዝግባለች፣ የምትሰረዝበት ምክንያት የለም። መዝገቡም ሙሉ ነው። አንድ መስመር ካልተለቀቀ ትደነቂያለሽ አትገባም፤ ካልገባች ደግሞ ምስክርነቱ ባዶ ወረቀት ነው፣ መሰረዟ እንዳለ ይቆያል፣ ምክንያቱም ሞት እንዳለ ይቆያል፣ ሰኞም ቅጂው ይሄዳል።

«ማን ይውጣ ታዲያ?» አለች።

«እኔ እንዴት አውቃለሁ፣ እትዬ? እኔ በዚህ ጣቢያ አንድም ሰው ሰርዤ አላውቅም። ሰው ነው ሰውን የሚያሰርዘው።» መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ቅጽ አወጣና አዙሮ ወደ እሷ ገፋው። «ተቃውሞ ማቅረብ የማንኛውም ነዋሪ መብት ነው። ምክንያት ያለው ስም ይጻፉ። ዛሬ በዚህ ክፍል ምክንያት ያለው ስም ተሰምቷል።»

ሰፈር መልቀቅ። ከቀይ መስመሩ ጋር የእታገኘሁም ስም ቤቶች ክፍል ይሄዳል፤ የተቆለፈውም ቤት፣ ስትድን የምትመለስበት፣ ለወረፋኛ ነው።

ትደነቂያለሽ ቀና ብላ እታገኘሁን አየች። እታገኘሁ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች። ሁሉንም ሰምታለች። አልለመነችም፣ አልተራገመችም፣ ለመሄድም አልተነሣችም። እህቷ ልጅ እስክትመጣ ድረስ ብቻዋን ድልድዩን መሻገር አትችልም።

ትደነቂያለሽ አዘነች። በእውነት አዘነች፤ ይህን እመሰክርላታለሁ። ያቺን ሴት አቅፋ ለማልቀስ ልቧ ተነሣ። እንዲሁም በዚያው ቅጽበት አልጋዋን፣ ጓዳዋን፣ ከውስጥ የምትቀረቅረውን በሯን አሰበች።

«የግድ ዛሬ ነው?» አለች።

«አስራ አንድ ሰዓት ላይ እዘጋለሁ» አለ መምህር ልሳነወርቅ፤ ወረቀቱ እንዳይንሸራተትም ማስመሪያውን ጫፉ ላይ አስቀመጠላት።

ያን ጊዜ እታገኘሁ ሳታያት ተናገረች።

«ስሜን መጻፍ እንደሆነ ታውቂበታለሽ» አለቻት።

፲፫

የተቃውሞ ማመልከቻ

አመልካች፦ ትደነቂያለሽ ወልደየስ

የአመልካች ሁኔታ፦ በሕይወት ያለች (ማመልከቻው ከተሟላ)

ምክንያት፦ ☐ ሞት  ☐ ሰፈር መልቀቅ  ☐ ድርብ ምዝገባ

እንዲሰረዝ የሚጠየቀው ስም፦



______________________